ሁለተኛ ልኬት የኃላፊ መብት ነው

«ለምስል ምርመራ ክፍል ሠራተኞች በሙሉ። ከዛሬ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የክፍል ሦስት በር እጀታ ወደ ቀኝ መዞሩን አቁሞ ወደ ግራ የሚዞር መሆኑን በታላቅ ደስታ እያስታወቅን፣ ለዚህ ስኬት ያበቁንን አካላት በሙሉ ከልብ እናመሰግናለን። ማንኛውም ሠራተኛ ለውጡን በሚገባ ተገንዝቦ ራሱን እንዲያዘጋጅ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ማስታወቂያው ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ከግርጌው ለስድስት ቢሮዎች ግልባጭ ተደርጓል፤ ከስድስቱ አንደኛው ቢሮ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው።

ላባ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እጀታውን ወደ ግራ አዞረ። በሩ አልተከፈተም። ወደ ቀኝ አዞረና ገባ።

ላባ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ክፍሉ ነው ያወጣለት። የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነው። የማሽኑን መዳሰሻ ሰው ገላ ላይ ሲያሳርፍ ተመርማሪዎቹ «ጀመርክ እንዴ?» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ጨርሶ ጄሉን እየጠረገላቸው ነው። ያለፉትን ሦስት የሥራ ቀናት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። «ውጤታማ የጊዜ አጠቃቀም» የሚባል ሥልጠና ተልኮ ነበር። ሥልጠናው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል፣ ስለ ሰዓት ማክበር ሲወራ ይዋላል፣ ከዚያ ሰዓት ስላለቀ ሳይጠናቀቅ ይበተናል። የምስክር ወረቀቱ ብቻ በሰዓቱ ደርሶታል።

ጠረጴዛው ላይ የልብስ ሰፊዋ ፋይል ተቀምጧል። ላባ ሴትየዋን አልረሳትም። ከሁለት ወር በፊት ለመጀመሪያው ልኬት ስትመጣ አልጋው ላይ ከመተኛቷ በፊት አንሶላውን በጣቷ አሻሽታ «ይሄን ማን ነው የዘመዘመው? ታስሮ መገረፍ ነበረበት» ያለች ሴት ናት። ግራ ጡቷ ውስጥ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ አለ።

እዚህ ላይ የልኬቱን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የሆስፒታሉ አመራር እንኳ እስካሁን በደንብ አልገባውም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት አንዳንዴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መድኃኒት ትጀምራለች። መድኃኒቱ ዕጢውን ካሳነሰው ቀዳጅ ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጡቷን ይተውላታል። ችግሩ ሁሉም ዕጢ ለመድኃኒት አይታዘዝም። የማይታዘዘውን እስከ ስድስተኛው ዙር ድረስ መጠበቅ ደግሞ ለዕጢው ጊዜ መስጠት ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ዙር በኋላ በአልትራሳውንድ ይታያል። ትልቀቱ በዚያ ሰዓት ብዙ አይናገርም፤ እየሞተ ያለ ዕጢም ቦታውን ይዞ ሊከርም ይችላል። ቀድሞ የሚያሳብቀው ጥንካሬው ነው። መድኃኒት የያዘው ዕጢ መለስለስ ይጀምራል፤ አዲሱ ማሽን ያንን በቁጥር ያወጣዋል። ደረቅ ሲሆን ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲለሰልስ ይወርዳል።

ማሽኑ በምላሹ አንድ ነገር ብቻ ይለምናል፤ መዳሰሻውን የያዘው እጅ እንዳይጫን። ከተጫነ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይደርቃል። ትራስ ላይ በጉልበት ተንበርክኮ «ይሄ ትራስ ድንጋይ ነው» እንደማለት ነው።

ላባ ፋይሉን ገለጠው። መጀመሪያ ልኬት፣ የራሱ ፊርማ፦ አንድ መቶ ሃያ። ሁለተኛ ልኬት፣ ባለፈው ሐሙስ፣ እሱ ሰዓት ማክበር ሲማር፦ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት። ፊርማው የካውያው ነው።

ካውያው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ፊት ለፊታቸው «ዶክተር» ይባላሉ። ከበስተኋላቸው ካውያው የተባሉት መዳሰሻውን የሚይዙት እምቢ ያለ የሸሚዝ ኮሌታ እንደሚተኩስ ሰው ስለሆነ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ መጀመሪያ ልኬትን ማንም ባለሙያ ይሠራል፣ ሁለተኛው ግን ውሳኔ የሚሰጥበት ስለሆነ የኃላፊ መብት ነው። ደንቡን የጻፉት ሰውዬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ለምን እንደጻፉት ሲጠየቁ እሳቸውም አያስታውሱም አሉ። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዷ ሴት መጀመሪያ በላባ ትለካለች፣ ቀጥሎ በካውያ። ከዚያ «ዕጢው ጠነከረ» መባሉ አይቀርም። ልብስ ሰፊዋ በአዲሱ ማሽን ሁለተኛ ልኬት ለመድረስ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ከልኬቱ ሥር የካንሰር ሐኪሟ በቀይ ጽፋለች፦ «ለመድኃኒቱ ምላሽ የለም። ይቁም። ሐሙስ ለሐኪሞች ቦርድ ይቅረብ፤ ሙሉ ጡት ለማውጣት።»

ላባ ደሙ ፈላ። ፋይሉን ዘግቶ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋና ባሏ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባሏ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ መሪ ይዞታል።

«መጣህ አንተ ልጅ?» አለች። ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ ጫፉ በእጅ የተዘመዘመ ነው። «የት ጠፋህ? ያ ሰውዬ ጡቴን ለካው ወይስ ፎቶ ኮፒ አነሳው? ደረቴና ጀርባዬ ተገናኝተው ሰላም ተባባሉ እኮ።»

«ይቅርታ እትዬ። ሥልጠና ልከውኝ ነው።»

«ዶክተሯ ጠርታን ነበር። መድኃኒቱ አልሠራም አለችኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፀጉሬን ወስዶ፣ ቅንድቤን ወስዶ፣ ምላሴን አቃጥሎ አልሠራም? ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ሠራው?»

«ተረጋጊ» አላት ባሏ።

«አንተ ተረጋጋ! ኮፍያህን አጣመምከው።» ወደ ላባ ዞረች። «ስማኝ። ሠላሳ ዓመት ያኖረኝ ጣቴ ነው። ጨርቅ ሲያመጡልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ከምን እንደተሠራ የምነግራቸው። ይሄ ነገር መጀመሪያ የካፖርት ቁልፍ ነበር። አሁን የትከሻ ስፖንጅ ሆኗል። ትልቀቱ ያው ነው፣ አልዋሽህም። ግን ስፖንጅ ነው።»

«ለዶክተሯ ነገርሻት?»

«ነገርኳታ። ‹እማማ፣ ማሽኑ ነው የሚያውቀው› አለችኝ። እማማ! ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም።»

«እኔ የሚገባኝ በመኪና ነው» አለ ሹፌሩ፣ ኮፍያውን እያቃና። «ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት ሁለት መካኒክ ያየዋል። የወረደ ሞተር ደግሞ ተመልሶ ይገጠማል። ይሄ አይገጠምም ወንድሜ። ቢያንስ አንዴ ይታይልን።»

ላባ ያሰበውን ቢናገር የክፍሉ ኃላፊ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ሐሙስ ይደርሳል። «እስቲ ላነጋግር» ብሎ ሄደ። ይህ ቃል እዚያ ሕንፃ ውስጥ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ገና ከአፉ ሲወጣ ተሰምቶታል።

የካውያው ቢሮ መደርደሪያ ላይ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ አንድ አሮጌ መዳሰሻ አለ፤ የጫማ ብሩሽ ያክላል። ሥራ የጀመሩበት ማሽን ነው። ያ ማሽን ደንቆሮ ነበር፤ ከልብ ካልተጫኑት ምንም አይታየውም። ካውያው በእሱ ሠላሳ ዓመት ተጭነው የስንቱን ሕይወት አትርፈዋል። ላባንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እጁን ከላይ በእጃቸው ይዘው «ተጫን አንተ! እንቁላል የያዝክ መሰለህ?» እያሉ። ላባ ይወዳቸዋል። ነገሩን የሚያከፋውም ይሄው ነው።

«ዶክተር፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ነበር።»

«ሐሙስ ቦርድ ላይ ናት። ምን ሆነች?»

«ሁለተኛውን ልኬት እንደገና ብናየው ብዬ ነው።»

«ምን ጎደለው?»

«አልጎደለውም። ትንሽ በዝቶበታል።»

«ምን በዛበት?»

«እጅ።»

ካውያው መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ የሚያውቃቸው ሁሉ ወደ በሩ ያያል። «እኔ መዳሰሻ ስይዝ አንተ ገና ጡት አልጣልክም ነበር።»

«አውቃለሁ ዶክተር። ግን ያኛው ማሽን ካልተጫኑት አይሰማም ነበር። ይሄኛው ሲጫኑት ነው የሚደናገረው። የማሽኑ መጽሐፍ ላይ ራሱ...»

«መጽሐፍ ጡት መርምሮ ያውቃል?»

ላባ ሌላ መንገድ አጣ። እጅጌውን ሰበሰበ። «እንግዲያው ክንዴን ይለኩኝ። አሁኑኑ። አንዴ ብቻ።»

ካውያው ክንዱን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ተነሡ። ፈተና ሸሹ እንዳይባሉ ይመስላል። ክፍል ሦስት ሲደርሱ እጀታውን ወደ ግራ አዙረው፣ ወደ ቀኝ አዙረው፣ ገቡ። ጄል ቀቡት። መዳሰሻውን ክንዱ ላይ አሳረፉና እንደ ልማዳቸው ተኮሱት። የላባ ጣቶች ነጭ ሆኑ። ማሽኑ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ አለ።

«ክንዴም ሐሙስ ቦርድ ይቅረብ ዶክተር?»

«ስፖርት ትሠራለህ።»

«ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ ነው የማርፈው።»

«እንግዲያው በዘር ነው።»

ላባ መዳሰሻውን ተቀብሎ ያንኑ ቦታ ራሱ ለካው፣ ጄሉን እንኳ ሳያደፈርስ። አርባ ሦስት። ካውያው ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።  ከዚያ «ክንድ ሌላ፣ ጡት ሌላ» ብለው ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጥራት ክፍል ወረደ። የጥራት ኃላፊዋ የትምህርት ቤት ጓደኛው ናት፤ ሳቅ የምታበዛ፣ ደንብ በቃሏ የምታውቅ ሴት።

«ላባዬ! ሰዓት አጠቃቀም ሠለጠንክ አሉ። ዘግይተህ መጣህ።»

«ድጋሚ ልኬት እንዴት ነው የሚታዘዘው?»

«ቀላል ነው። ቅጽ አለው። ልኬቱን የሠራው ሰው ‹ተሳስቻለሁ› ብሎ ሞልቶ ይፈርማል።»

«ተሳስቻለሁ ካላለስ?»

«ካላለማ አልተሳሳተም።»

«እስካሁን ስንት ሰው ሞልቶታል?»

መሳቢያዋን ከፈተች፣ ዘጋች። «ቅጹ አልታተመም እኮ። ጠያቂ አልመጣም።»

ላባ ራሱን ያዘ። ከዚያ ወጥቶ የካንሰር ሐኪሟ ጋ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በቀን አርባ ሰው ታያለች፤ ሳንድዊቿን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነከሰችው። ቆማ ነው የሰማችው።

«እያልክ ያለኸው ገብቶኛል» አለች። «ምናልባትም ልክ ነህ። ግን ቦርድ ላይ ‹የኃላፊው እጅ ይከብዳል ይባላል› ብዬ አልናገርም። ወሬ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር መቶ ሠላሳ ስምንት ነው፤ በሱ ከሄድኩ መድኃኒቱ ይቆማል። ሌላ ቁጥር ካለ፣ ስምና ፊርማ ካለው፣ አነበዋለሁ። ከሐሙስ በፊት።»

«ደንቡ አይፈቅድልኝም ዶክተር።»

«ለኔ ደግሞ ቁጥር የሌለው ነገር አይፈቀድልኝም» አለችና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ላባ ልብስ ሰፊዋን አልጋው ላይ አስተኛት። በድብቅ አላደረገውም፤ መዝገቡ ላይ ስሟን፣ ሰዓቱንና «ድጋሚ» የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፈ። ሹፌሩ መጋረጃው ጎን ቆሞ ጣራ ጣራውን ያያል።

«ዛሬም አንሶላው ያው ነው» አለች።

«ዝም ብለሽ ተንፍሺ እትዬ።»

«ዝም ብዬ እንዴት ነው የምተነፍሰው? አንዱን ምረጥ።»

መዳሰሻው በጄሉ ላይ ተንሳፈፈ። ላባ ትንፋሹን ያዘ። ማሽኑ ዕጢውን በቀለም ያሳያል፤ ደረቁ ቀይ፣ ለስላሳው ሰማያዊ። ከሁለት ወር በፊት ዕጢዋ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ትንሽ ብጫ ቀርቶ ዙሪያውን ሰማያዊ ወርሶታል። ስልሳ ስድስት አለ ማሽኑ። ላባ እጁን አንሥቶ እንደገና አሳረፈ። ስልሳ ሁለት። እንደገና። ስልሳ አራት።

«ምን ይላል?» አለ ሹፌሩ ጣራውን እያየ።

«ስፖንጅ» አለ ላባ።

 ልብስ ሰፊዋ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነችና ሳቅ ይሁን ለቅሶ በማይለይ ድምፅ ሆዷ ተንቀጠቀጠ። ሹፌሩ ኮፍያውን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

ላባ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ፋይሉን በእጁ ይዞ ሐኪሟ ጋ አደረሰ። ሐሙስ ቦርዱ ሁለቱንም ቁጥሮች አየ። ሐኪሟ የመጨረሻው ልኬት የረቡዑ ነው አለች፤ ሦስቱም ንባብ ተቀራራቢ ነው አለች፤ መድኃኒቱ ይቀጥል አለች። ካውያው በዚያ ስብሰባ ቃል አልተነፈሱም። አርብ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛውን ዙር ወሰደች። ማስመለሻ ባልዲዋን ታቅፋ ለላባ በመስኮት እጇን አውለበለበችለት።

በሳምንቱ ሰኞ ላባ ደብዳቤ ደረሰው። «የኃላፊ መብት በሆነ ልኬት ላይ ያለ ፈቃድ ሌላ ልኬት ስለሠሩበት ሁኔታ ዝርዝር ማብራሪያ እንዲሰጡ።» ግልባጭ፣ ለስድስት ቢሮዎች።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጆሮ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረውን ነገር አሁን መንግሥት በደብዳቤ እየለመነው ነው። አራት ገጽ ጻፈ። የእጅን ክብደትና የቁጥሩን መውጣት በሥዕል አስረዳ። ሁለተኛ ልኬትን መጀመሪያ የለካው ሰው ራሱ ቢሠራው፣ ወይም ሁሉም ባለሙያ አንድ ቀን ስለ እጅ አያያዝ ቢማር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ስለ ካውያው ሲጽፍ ሦስት ጊዜ ቀደደና በአራተኛው እንዲህ አለ፦ «እጃቸው የከበደው ከስንፍና አይደለም፤ ደንቆሮ ማሽን አስተምሮት ነው።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ኮራ። ፖስታ ውስጥ ከቶ ወደ ጥራት ክፍል ወረደ።

ኃላፊዋ ፖስታውን ስታይ አልሳቀችም። «አትስጠኝ» አለች።

«ለምን? የጠየቃችሁኝ እናንተ!»

«ቁጭ በል።» የደንቡን መጽሐፍ ገልጣ አንድ አንቀጽ ላይ ጣቷን አደረገች። «ማብራሪያ የቀረበበት ውጤት ማብራሪያው እስኪመረመር ድረስ በይደር ይቆያል። እስከዚያው ከእሱ በፊት ያለው ውጤት ይጸናል።»

ላባ አንቀጹን አነበበው። «መርማሪው ኮሚቴ መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«በየሦስት ወሩ። ያለፈው ባለፈው ሳምንት ተሰብስቧል።»

«ስለዚህ ይሄን ፖስታ ከተቀበልሽኝ...»

«ፋይሏ ወደ መቶ ሠላሳ ስምንት ይመለሳል። አራተኛው ዙር አይሰጣትም። ሐኪሟ ብትፈልግም አትችልም።»

«ልክ መሆኔን ካስረዳሁ ልክነቴ ይሻራል?»

«እስኪመረመር ድረስ።»

«ካላስረዳሁስ?»

ኃላፊዋ ገጹን ገለጠች። «ማብራሪያ ካልተሰጠ ጥፋቱ የሰውዬው ይሆናል፤ ውጤቱን አይነካም። ሰውዬው ከማሽን ተነሥቶ ስድስት ወር መዝገብ ቤት ይመደባል።»

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«ጡረታ ወጥተዋል።»

ላባ ሳቅ አመለጠው፤ የተናደደ ሰው ሳቅ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለካውያው ለብቻቸው ብነግራቸውስ? ኮሪደር ላይ፣ በቃል?» አላት።

«ለማንኛውም ኃላፊ፣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ ይላል። እሳቸውን ደግሞ ታውቃቸዋለህ። ደንብ ነው ብለው በዚያው ቀን መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል።»

«እኔ መዝገብ ቤት ከገባሁ ደግሞ ከእሷ በኋላ ያሉትን ሴቶች ሁለቴም የሚለካቸው እሳቸው ናቸው።»

ኃላፊዋ የደንቡን መጽሐፍ ዘጋች። ፖስታውን በአንድ ጣቷ ወደሱ ገፋችው። ላባ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አራቱ ገጾች ኪሱ ውስጥ እንደ ጡብ ከበዱት። ከልብስ ሰፊዋ ስድስተኛ ዙር በፊት ማንም ከአፉ አንድ ቃል አይሰማም። ይህን ደረጃው ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍ ወሰነ።

የዲሲፕሊን ስብሰባው ከአራተኛው ዙር ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ማንም ያልከፈታቸው የውሃ ጠርሙሶች። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው ናቸው። ካውያው በቀኛቸው ተቀምጠዋል። የጥራት ኃላፊዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ቀና ብላ ላባን አላየችውም።

«ስም?» አሉ ሰብሳቢው።

«እያወቁኝ ጋሼ?»

«ለቃለ ጉባኤው ነው።»

«ላባ ይሉኛል።»

«ላባ የሚባል ሠራተኛ በመዝገብ የለም» አሉና ራሳቸው ከደብዳቤው ላይ ትክክለኛውን አነበቡ። «ማብራሪያ እንድትሰጥ በጽሑፍ ተጠይቀህ ጊዜው አልፏል። አሁን በቃል ዕድል እንሰጥሃለን። ትሰጣለህ?»

«አልሰጥም።»

«ለምንድነው ያለ ፈቃድ የለካኸው?»

«ለክቻለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ምክንያቱን ነው።»

«የለካሁት እኔ ነኝ። ፊርማውም የኔ ነው። ይኸው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «መዝገብ ቤት የሚያስገባህን ነገር በገዛ እጅህ ነው የምትፈርመው። ሰው ዕድል ሲሰጠው እንዴት ይሄን ያህል ይደነቁራል?»

በዚህ ጊዜ ካውያው መነጽራቸውን አወለቁ። ላባ ወደ በሩ አየ፣ ከልማድ። ግን አልጮኹም።

«ይቅርታ ሰብሳቢ፣ እኔ ልጠይቀው» አሉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ያን ዕለት ክንድህ ላይ ያየሁትን ቁጥር አልረሳሁትም። ቤቴ ሆኜም አልረሳሁትም። ለሰው አልተናገርኩም። አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ካለ ከሌላ ሰው አፍ ከምሰማው ካንተ ብሰማው ይሻለኛል።» ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል። «ልጄ፣ እኔን ለማዋረድ ነው ያደረግከው? ወይስ እጄ እውነት ከብዷል? አንድ ቃል በለኝ፣ ይበቃኛል።»

  ላባ አራቱን ገጽ ሙሉ በሙሉ በቃሉ ይዞታል፤ ስለ ደንቆሮው ማሽን ያለው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ቆሟል። ብሎት ቢሆን ሽማግሌው ዛሬ ቤታቸው ቀለል ብሏቸው ይገቡ ነበር። የጥራት ኃላፊዋን አየ። የእስክሪብቶዋ ጫፍ ወረቀቱን ነክቶ ይጠብቃል።

«አላብራራም» አለ።

ካውያው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። «ለምን?»

«እሱንም አላብራራም።»